አጽሙ የማን ነው?

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በየዓመቱ የጥቅምት ወር እኩሌታው ሲያልፍ አንድ ክርክር ይነሣባቸዋል። የክርክሩም ምክንያት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን ማታ የሚደረገው፥ በአገሩ ቋንቋ ሃሎዊን የሚባለው በዓል ነው። በዚያች ማታ ሕፃናት አንዱ ጠንቋይ፥ አንዱ አጽም፥ አንዱ አንበሳ መስሎ፥ ከረጢት አንጠልጥለው ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ባለቤቱም በሩን ከፍቶ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። በየደጃፉም የተቦረቦረ ዱባ ዐይንና አፍ ወጥቶለት፥ ከውስጡ መብራት እየበራ ይቀመጣል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ብቻ ጥቅምት 20 ይሆናል። ሃያ አንድ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ስለ ሆነ፥ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሶ የተመለሰ ሰው ማታ በጎረቤቱ ደጅ አጽም ተሰቅሎ ያያል።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን «ይህ የሰይጣን በዓል ነው፤ መብራታችሁን አጥፉ፥ ደጃችሁን ዝጉ፥ ልጆቻችሁን ሰብስቡ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ከጎረቤት ልጅ ተለይተው ስለ ምን ያልቅሳሉ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ብዙ ይናገራሉ፤ የነገሩን ሥር ግን አንዳቸውም አልነኩትም።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ቤተ ሰብ ይታሰብ። በሜሪላንድ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፥ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ሴቷ ልጅ ሰባት ዓመቷ፥ ወንዱ አራት ዓመቱ ነው። በሐምሌ ወር የሚስቲቱ እናት በጎንደር ዐረፉ። እንደ ልማዱ ዘመዶችና ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ መርዶ ሊያረዱ መጡ፤ ሰዎቹም ሲገቡ ልጆቹ በእንቅልፍ ልብሳቸው ተጠቅልለው ወደ ጎረቤት ተወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ እናታቸውን ጥቁር ለብሳ፥ ፊቷ ዐብጦ አገኟት። «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሏት «ራሴን አሞኝ ነው» አለቻቸው። አርባው በደረሰ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት ተደርሶ፥ በአዳራሹ እንጀራ ቀርቦ፥ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲል፥ ሁለቱ ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ ስልክ ተሰጥቷቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያዩ ነበር። በየእሑዱ በስልክ ይመርቋቸው የነበሩት አያት ስለ ምን ዝም እንዳሉ የነገራቸው ሰው የለም።

ጥቅምት ሲመጣ አባት ከላስቲክ የተሠራ አጽም ገዝቶ በደጁ ሰቀለ፤ ለወንዱም ልጅ ነጭ የጎድን አጥንት የተሣለበት ጥቁር ልብስ ገዛለት። ሕፃኑ የተሰቀለውን ብዙ ጊዜ ቆሞ ተመለከተና «እማዬ፥ ይህ አጥንት የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቱም «የማንም አይደለም፤ ላስቲክ ነው» አለችው።

የክርክሩ ፍሬ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ሕፃኑ የአራት ዓመት ልጅ ሲሆን፥ አጥንት ባለቤት እንዳለው፥ አንድ ጊዜ የአንድ ሰው እንደ ነበረ ዐውቆ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ግን የማንም ያልሆነ ሞት አለ የሚል ነው። ወደዚህ ከመመለስ በፊት፥ ደጅ ዝጉ የሚሉት ሰባክያን የሚያቀርቡት ታሪክ ሊመረመር ይገባል፤ በሐሰት ምስክር ለእውነት መሟገት እውነትን ማዋረድ ነውና።

ሰባክያኑ «ሳውን የሚባል የሞት አምላክ ነበረ፤ በዓሉም የእርሱ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ አምላክ አልነበረም። ሳውን የጥንት የአየርላንድ ሰዎች በጋው አልቆ ብርዱ ሲገባ ያከብሩት የነበረው ወቅት ስም ነው፤ የሞት አምላክ ነው የሚለውን ስሕተት ያስፋፋው በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረ ቻርልስ ቫላንሲ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነው፤ ይህ ሰው የቃላትን ዘር በመሰለው እየፈታ ብዙ አንባቢ አሳስቷል። አረማውያኑ በዚያ ወቅት ምን ያደርጉ እንደ ነበረ የጻፉትም ራሳቸው አረማውያኑ አይደሉም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። ከአረማዊ ልማድ ምንም አልተቀላቀለም ማለት አይደለም፤ ያልተጻፈውን እንደ ተጻፈ አድርጎ በዐውደ ምሕረት መናገር ግን የሊቅ ሥራ አይደለም።

የተጻፈው ይህ ነው። ሃሎዊን የሚለው ቃል ትርጓሜው የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው። ሰማዕታትን ሁሉ በአንድ ቀን ማሰብ ከምሥራቅ የተገኘ ሥርዓት ነው፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ስለ ሰማዕታት ሁሉ አስተምሯል። በሮምም ጣዖታት ሁሉ ይመለኩበት ነበር የሚባለው ፓንቴዎን፥ በ609 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ በሜይ 13 ቀን፥ በጳጳሱ በቦኒፋስዮስ 4ኛ እጅ በእመቤታችንና በሰማዕታት ሁሉ ስም ተባረከ። (ቦኒፋስዮስ ከኬልቄዶን በኋላ የነበረ የሮም ጳጳስ ስለ ሆነ ሥራው ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ሕግ አይሆንም፤ ታሪክነቱ ግን አይካድም።) በ835 ዓመት ደግሞ በዓሉ በፍራንኮች መንግሥት ሁሉ ኖቬምበር 1 ቀን እንዲከበር ተወሰነ። ቀኑ የአየርላንዱን ሳውን ለመሸፈን ተመረጠ የሚሉ አሉ፤ ሮናልድ ሃተን የተባለው የእንግሊዝ የታሪክ ሊቅ ግን የጥንቲቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ኤፕሪል 20 ቀን ታከብር እንደ ነበረ አሳይቶ፥ ይህ አሳብ እንደማይጸና ተናግሯል።

ከዚህ በኋላ በኖቬምበር 2 ቀን ሙታንን ሁሉ ማሰብ በምዕራብ ተጨመረ፤ ሥርዓቱንም በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የክሉኒ ገዳም አበምኔት የነበረው ኦዲሎ አስፋፋው። በእንግሊዝ አገር በእነዚህ ቀኖች ድኆችና ሕፃናት ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ የነፍስ ኅብስት የሚባል ትንሽ እንጎቻ ይቀበሉ፥ ስለዚያም ለቤቱ ሙታን ይጸልዩ ነበር። እንግዲህ የአርባና የሙት ዓመት ተዝካር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር እንግዳ ነው ሊል አይችልም። በተዝካር ቀን ደጅ የቆመው ነዳይ እንጀራ ተቀብሎ የሚያደርሰው ጸሎት ከዚህ በምን ይለያል?

በ16ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ተሐድሶ አድራጊዎች ለሙታን መጸለይን ከለከሉ። ጸሎቱ ሲከለከል እንጎቻው በአንዳንድ አውራጃ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ቆየ። ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ እልፍ አእላፍ ሰዎች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ የዋዜማውን ልማድ ይዘው ሄዱ፤ በአገራቸው ከሥራ ሥር ይቦረቡሩት የነበረውን መብራት በአሜሪካ ከዱባ አበጁት። በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ ልጆች ደጅ አንኳኩተው «ስጡን፥ አለዚያ እንተናኮላችኋለን» እያሉ መዞራቸው በካናዳ ጋዜጦች ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ስለ ነበረ ልማዱ ቀዘቀዘ፤ በ1947 የስኳሩ ራሽን ሲነሣ ከረሜላው ከተማውን ሁሉ ሞላው። ያሁኑ ዙረት ከነፍስ ኅብስቱ በቀጥታ ወርዷል ወይስ አልወረደም በማለት ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ የመንገዱ አካሄድ ግን ይታያል። አስቀድሞ ኅብስትም ጸሎትም ነበረ፤ ጸሎቱ ጠፋ፥ ኅብስቱ ቆየ፤ ኋላ ኅብስቱም ከረሜላ ሆነ፤ የቀረውም አጽም ባለቤቱን አጥቶ በደጅ ተሰቀለ። በቅኔ ቤት ቋንቋ፥ ወርቁ ተሰርቆ ሰሙ ብቻ የቀረ ማለት ይህ ነው።

ሰም ብቻውን ጋኔን አይደለም። ሰባክያኑ የሳቱት በዚህ ነው፤ ባዶ የሆነውን ቤት ሰይጣን የሞላበት ነው ብለው ይሸሹታል። ሰም ብቻውን ግን ቅኔም አይደለም፤ «ጨዋታ ነው» የሚሉትም የሳቱት በዚህ ነው።

ለእነዚህም መልስ ያስፈልጋል። በ2023 የአሜሪካ ቸርቻሪዎች ማኅበር የአገሩ ሰው ለዚህች ማታ 12.2 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ቁመቱ አሥራ ሁለት ጫማ የሆነ የላስቲክ አጽም ይሸጣል፤ በጓሮው ጎመን ያልተከለ ሰው በግቢው ይህን ይተክላል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚፈስበትን ነገር ጨዋታ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ደግሞስ ጨዋታ ትንሽ ነገር ነውን? ሕፃን በጨዋታ ያልተማረውን በመጽሐፍ የሚማረው በብዙ ድካም ነው። የአራት ዓመት ልጅ የጎድን አጥንት የተሣለበት ልብስ ለብሶ ሲስቅ፥ ገና ባላለቀሰለት ነገር እየሳቀ ነው። እናቱ ያለቀሰችበትን ለሊት አላየም፤ ወደ ጎረቤት ተወስዶ ነበርና።

እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ አሜሪካ ሰዎች ሳይሆን ወደ ኢትዮጵያውያኑ ቤት ይመለሳል። መርዶን ከልጅ መሸሸግ የቆየ ልማድ ነው። በአገር ቤት ግን ልጅ ባይነገረው ያያል፤ ሙሾውን ይሰማል፥ ድንኳኑ ሲተከል ገመድ ያቀብላል፥ አስከሬኑ ሲያልፍ ከአጥር ሥር ቆሞ ይመለከታል፥ በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የዘመዶቹን መቃብር ተረማምዶ ይገባል፤ ንፍሮውንም በእጁ ይቀበላል። ማንም ሳያስተምረው ሞት የሰው እንደ ሆነ፥ ሰውም ስም እንዳለው ያውቃል። በባዕድ አገር ግን ግቢው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ መቃብሩ ሩቅ ነው፤ አስከሬኑ በአውሮፕላን ይላካል፤ ሙሾውም ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ በትራስ ይታፈናል። ስለዚህ ሽሸጋው ፍጹም ሆነ። ልጁ አያቱን ሲያጣ ያላየውን ሞት፥ ከሱቅ ተገዝቶ በደጁ ሲሰቀል አየ። እውነተኛውን ሸሽገው የላስቲኩን የሰቀሉ ወላጆች ናቸው እንጂ ሌላ አይደለም።

ካህናቱስ? ስለዚህች ማታ በየዓመቱ ረጅም ተግሣጽ ይሰማል፤ ፍትሐት ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ለሞተ ሰው ዕጣን ስለ ምን እንደሚጤስ፥ አርባው አርባ የሆነው ስለ ምን እንደ ሆነ ለሕፃናት በሚገባቸው ቋንቋ ሲነገር ግን የሰማ ጥቂት ነው። መጽሐፈ ግንዘት በግእዝ ይነበባል፤ ልጆቹ አማርኛውንም በግማሽ ነው የሚሰሙት። ለልጅ የሚሰጠውን ኅብስት ሳያዘጋጁ ከረሜላውን ከአፉ መንጠቅ ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ተዘጋው ደጅ እንመለስ። በዚያች ማታ የጎረቤት ልጆች የኢትዮጵያዊውን ቤት ደወል ይደውላሉ። ቤቱ ጨለማ ነው። ከውስጥ አባት ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ልጆቹን ዝም ያሰኛል፤ ልጆቹም በገዛ ቤታቸው ተሸሽገው ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጣሉ። ከዚህ የሚማሩት ሃይማኖት ፍርሃት መሆኑን፥ የጎረቤት ልጅም ጠላት መሆኑን ነው። በሊቃውንት ትርጓሜ እንደሚተረከው፥ አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር፤ ሰይጣንም ቀንቶ ራሱን አቁስሎ በመንገድ ተቀመጠ፥ የሚያልፈውንም ሰው «ወደ አብርሃም አትሂዱ፤ እኔን ደብድቦ አባሮኛል» እያለ ሦስት ቀን መለሰ። አብርሃም ግን ድንኳኑን አልዘጋም፤ በሦስተኛው ቀን ሥላሴ መጡለት። እንግዳ ከደጅ እንዲመለስ የሚደክመው ማን እንደ ሆነ ታሪኩ በግልጥ ይናገራል፤ ስለ ሰይጣን ብለው ደጅ የሚዘጉ ሰዎች ይህን አንድ ጊዜ ደግመው ቢሰሙት መልካም ነበር።

ደግሞ በሌሊት ወደ ደጅ መጥቶ መለመን ለኢትዮጵያ ልጅ እንግዳ ሥራ ነውን? በደብረ ታቦር በዓል፥ በነሐሴ 13 ዋዜማ፥ ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ይዞራሉ፤ ባለቤቲቱ ሙልሙል ትሰጣለች፥ ልጆቹም መርቀው ይሄዳሉ። ችቦ ይበራል፥ ጅራፍ ይጮኻል። ችቦው በተራራው የታየውን ብርሃን፥ ጅራፉ ከሰማይ የተሰማውን ድምፅ፥ ሙልሙሉ በዚያ ብርሃን መሽቶ እንዳልመሰላቸው እረኞች ቤተ ሰባቸው የወሰደላቸውን እንጀራ ያሳስባል ተብሎ ይተረጐማል። ይህ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ያለበት ነው። በዘመን መለወጫም ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ይዞራሉ። ጥቅምትን አጥብቆ የሚያወግዝ ሁሉ በነሐሴ ልጆቹን ሰብስቦ በጎረቤት ደጅ ሙልሙል አስለምኖ ያውቃልን? በነሐሴ ዝም ያለ በጥቅምት ቢጮኽ ማን ይሰማዋል?

ሌላም ሰበብ አለ። «ባዕድ ሰው በከረሜላው መርዝ ይጨምራል» የሚል ወሬ በየዓመቱ ይነዛል። በደላዌር ዩኒቨርሲቲ የኅብረተ ሰብ ጥናት መምህር የሆነው ጆኤል ቤስት የብዙ ዓመታትን ወሬ መርምሮ፥ የማያውቀውን ልጅ በዚህ መንገድ የገደለ ባዕድ አላገኘም። በ1974 በቴክሳስ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በተመረዘ ከረሜላ ሞተ፤ መርዙን የሰጠው ግን ስለ ኢንሹራንስ ገንዘብ የገዛ አባቱ ነበረ፤ በ1984ም በሞት ተቀጣ። የሚያስፈራው ይልቅ መንገዱ ነው። በ2019 የታተመ የሐኪሞች ጥናት የአርባ ሁለት ዓመት መዝገብ መርምሮ፥ በዚያች ማታ በእግር የሚሄድ ሰው በመኪና የመሞቱ አደጋ ከሌላው ማታ በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጥቁር ልብስ ለብሶ በጨለማ የሚሮጥ ሕፃን ሹፌር አያየውም። ወላጅ ስለ ጋኔን ከሚጨነቅ በልጁ እጅ መብራት ቢያስይዝ ይሻላል።

ሰሙን ሳያፈርሱ ወርቅ ያገቡበት ሰዎችም አሉ። በ1950 በፊላደልፊያ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ቄስና ሚስቱ፥ ልጆች በዚያች ማታ ከከረሜላ ይልቅ በዓለም ላይ ለተቸገሩ ሕፃናት ሳንቲም እንዲለምኑ አደረጉ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው 17 ዶላር ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ተላከ፤ ሥራውም ከዚያ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። እነዚህ ሰዎች ቅኔ ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን ከኅብስቱ ጋር የጠፋውን ግማሹን መልሰው አግኝተዋል። ጸሎት ያልተከለከለባት፥ ለሙታን የምታስብ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ቀሪውን ግማሽ እንዴት አያገኙም?

ያች እናት የጥያቄው መልስ ነበራት። አጽሙን ከደጁ አውርዳ፥ ልጆቿን አስቀምጣ፥ ከሣጥን የእናቷን ፎቶግራፍ አውጥታ እንዲህ ልትላቸው ይቻል ነበር፤ «አጥንት ሁሉ የሰው ነው። እማማ በሐምሌ ወር ዐረፉ፤ የእርሳቸው አጥንት በጎንደር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ያን ጊዜ ራሴን አሞኝ አልነበረም፤ አልቅሼ ነበር።» ሴቷ ልጅ ምናልባት ታለቅሳለች፤ ልታለቅስ ይገባታል። ሕፃኑ ደግሞ «እንግዲህ በእሑድ አይደውሉም?» ይል ይሆናል። ከዚያ ፎቶግራፉ በመስኮቱ አጠገብ ጧፍ በርቶለት ይቀመጣል፤ ከሙልሙሉ ዱቄት የተረፈ ካለ እንጎቻ ይጋገራል። ልጁም የአጥንቱን ልብስ አውልቆ አንበሳውን ይለብሳል።

ደወሉ ሲደወል በሩን የሚከፍተው እርሱ ነው። በደጁ የቆመው የጎረቤት ልጅ ጭምብል ለብሷልና አይታወቅም። ሕፃኑ እንጎቻውን ዘርግቶለት፥ በአባቱ አገር ሽማግሌ ልጅን መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደሚጠይቀው ይጠይቀዋል፤

«የማን ልጅ ነህ?»

ያኛውም ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ስሙን ይናገራል።